የትናንቱን ተስፈኛ ማስፈረም ይገባልን?

(በተማሪዎች የክርክር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንከራከርበት የተሰጠን ጥያቄ ስለ ቤዝቦል ነው። ከመካከላችን ይህን ጨዋታ ቆሞ ያየ ጥቂት መሆኑን ስለማውቅ፥ አንዳንዶቻችሁ «የአሜሪካኖች ጨዋታ ለእኛ ምናችን ነው?» ብላችሁ በልባችሁ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ በልጅነቱ ትልቅ ተጫዋች ይሆናል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት፥ ነገር ግን ተስፋው ሳይፈጸም የቀረ አንድ የውስጥ ሜዳ ተጫዋች ቢገኝ፥ ሌላ ቡድን ሊያስፈርመው ይገባልን ወይስ አይገባም? እኔ በበኩሌ «ያስፈርመው፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ጠብቆ ያስፈርመው» ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴንም በተቻለኝ መጠን አስረዳለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ነውና በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቤዝቦል ሜዳውን የሚጠብቁት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ወርዋሪ ነው፤ ከ18 ሜትር ተኩል በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሞ ኳሷን ይወረውራል፤ የተቃራኒው ቡድን ሰውም በዱላ ይመታታል። ገና ተጫውቶ ያደገ ሰው ዱላን ከኳስ ማገናኘት ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። በቤዝቦል ግን ኳሷ በአየር ላይ እየበረረች ስለምትመጣ፥ መቺው ለመምታት ወይም ለመተው የሚወስንበት ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ከዚህ የተነሣ ከአሥር ጊዜ ሦስቱን በደንብ የመታ ሰው እንደ ጎበዝ ይቈጠራል። ሰባት ጊዜ የሳተ ሰው የሚመሰገንበት ሌላ ሥራ ብዙ አይመስለኝም።

የውስጥ ሜዳ የሚባለው ለመቺው ቀረብ ያለው ስፍራ ሲሆን፥ አራት ሰዎች ይጠብቁታል፤ እነሱም አንደኛውን፥ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቤዝ የሚጠብቁት ሦስቱ፥ እንዲሁም በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ ናቸው። በተለይ የሾርትስቶፕ ሥራ ፈጣን እግርና ብርቱ ክንድ ይጠይቃል። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ደህና አድርጎ የሚጠብቅ፥ በዚያም ላይ በዱላው የሚመታ ወጣት ሲገኝ፥ መልማዮች ይከቡታል፤ መጽሔቶች ስሙን ያወጣሉ፤ ሕዝቡም ገና ሳያየው ይወደዋል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ልጅ «ፕሮስፔክት» ይሉታል፤ እኔ ዛሬ «ተስፈኛ» እያልሁ እጠራዋለሁ።

እንግዲህ ተስፈኛው እንዴት «የቀድሞ ተስፈኛ» ይሆናል? ብዙዎች ችሎታው ተመዝኖ ቀሎ ሲገኝ ነው ብለው ያስባሉ። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በከፍተኛው ሊግ 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱም በሥሩ ወጣቶቹን የሚያሠለጥንባቸው የታችኛው ሊግ ቡድኖች አሉት። አንድ ወጣት በቡድኑ ዋና መዝገብ ላይ ከገባ በኋላ፥ ቡድኑ እንደልቡ ወደታች ሊልከው የሚችለው በሦስት የጨዋታ ዓመታት ብቻ ነው። ሦስቱ ካለቁ በኋላ ግን ወደታች ከመላኩ በፊት ሌሎቹ ቡድኖች «እኛ እንፈልገዋለን» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ማለት ቡድኑ ልጁ ቢበስልም ባይበስልም በቀጠሮው ቀን መወሰን አለበት ማለት ነው። እንጀራው ሳይበስል ምጣዱ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ «ቡድኑ ተወው» የሚለው ቃል «ችሎታ የለውም» ከሚለው ፍርድ ጋር አንድ አይደለም።

ከዚህ በላይ ደግሞ የቍጥሩ ነገር አለ። አሜሪካኖች የመቺውን ችሎታ ከሺህ ይቈጥራሉ፤ «280 መታ» ሲሉ ከ1,000 ጊዜ 280 የሚሆን ነው ማለታቸው ነው። አሁን ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ እያንዳንዳቸው 550 ጊዜ መቱ እንበል። 280 የሚመታው 154 ጊዜ ይሳካለታል፤ 250 የሚመታው ደግሞ 137 ወይም 138 ጊዜ። ልዩነቱ 16 ወይም 17 ምት ብቻ ነው። ጨዋታው ስድስት ወር ስለሚቆይ፥ በሚመሰገነውና በሚታማው ተጫዋች መካከል ያለው ልዩነት በሳምንት አንድ ምት እንኳ አይሞላም። ታዲያ ወጣቱን ለሦስት ሳምንት አይቶ «ይህ ሰው አለቀለት» የሚል አሠልጣኝ ምን አየ ሊባል ነው? በሦስት ሳምንት ብልጭታ «ይህ ሰው ተነሣ» ብሎ የሚያጨበጭብም ቢሆን ያው ነው።

ጓደኞቼ፤ ተቃራኒው ወገን የሚያነሣው የመጀመሪያው ክርክር «ስም ያታልላል» የሚል ይሆናል። እኔም ይህን አልክድም፤ እንዲያውም ማስረጃውን እኔው ራሴ አቀርባለሁ። ብራንደን ዉድ የሚባል ሾርትስቶፕ ነበር። የአናሃይም ኤንጅልስ ቡድን በ2003 በመጀመሪያው ዙር ምርጫ ወሰደው። በ2005 በታችኛው ሊግ 43 ሆም ራን መታ፤ ሆም ራን ማለት ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት ነው። በ2006 መጀመሪያ ላይ ቤዝቦል አሜሪካ የተባለው መጽሔት በአገሪቱ ካሉት ተስፈኞች ሁሉ ሦስተኛ አደረገው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንመልከት። በከፍተኛው ሊግ በ2007 በ13 ጨዋታ፥ በ2008 በ55፥ በ2009 በ18 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ፤ ወደላይና ወደታች ሲመላለስ ሦስት ዓመት አለፈ። ወደታች የሚላክበት ዕድል ባለቀበት በ2010 በ81 ጨዋታ ተሰልፎ 146 መታ። በ2011 የፒትስበርግ ፓይሬትስ ቡድን ወሰደው፤ በ99 ጨዋታም 220 መታ። ከዚያ ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ አልተመለሰም። በጠቅላላው በ272 ጨዋታ 18 ሆም ራን ሆነለት።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። የዉድም ስም ከዱላው በላይ ዋለ፤ ከ2011 በኋላም ሌሎች ቡድኖች በታችኛው ሊግ ውል አስፈርመውታል። እኔ እነዚህን ቡድኖች አልወቅስም፤ ያወጡት ገንዘብ ጥቂት ነውና። ነገር ግን ፓይሬትስ 99 ጨዋታ ሰጥቶት ለምን አልተሳካም ብለን እንጠይቅ። በሜዳው ላይ የታየው ዉድ ኤንጅልስ የተወው ዉድ ራሱ ነበረና፥ ስፍራው ቢለወጥም ምቱ አልተለወጠም። ከዚህ የመጀመሪያውን ሁኔታዬን አወጣለሁ፤ ይኸውም የቀድሞውን ተስፈኛ የሚያስፈርም ቡድን «ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን በግልጽ መናገር ካልቻለ ይተወው የሚል ነው።

ይህ መልስ ያለውን ሰው ደግሞ ላሳያችሁ። ጀስቲን ተርነር የሚባል የውስጥ ሜዳ ተጫዋች ለኒው ዮርክ ሜትስ ሲጫወት ቆይቶ፥ በ2013 መጨረሻ ቡድኑ ውሉን ሳያድስለት ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ በከፍተኛው ሊግ የመታው ሆም ራን በጠቅላላው 8 ብቻ ነበረ። በዚያው ክረምት ግን ወደ አንድ የምት አስተማሪ ሄዶ፥ እግሩን የሚያነሣበትንና ዱላውን የሚያወዛውዝበትን መንገድ ከመሠረቱ ለወጠ። በየካቲት 2014 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድን በታችኛው ሊግ ውል አስፈረመው። በዚያ ዓመት 340 መታ፤ በ2016 ብቻውን 27 ሆም ራን መታ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመት የቡድኑ ምሰሶ ሆነ። እዚህ ላይ ዶጀርስ ያስፈረመው የድሮውን ስም አልነበረም፤ ተርነር ያን ያህል ስምም አልነበረው። ያስፈረመው አዲስ ምት ያለውን ሰው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ማክስ መንሲ ነው። የኦክላንድ ቡድን በ2012 መርጦት፥ በ2015ና በ2016 በ96 ጨዋታ አሰልፎት 195 መታ፤ በ2017 ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው አሰናበተው። ያው ዶጀርስ በታችኛው ሊግ ውል ወሰደው። ልብ በሉ፤ ቡድኑ ቶሎ ወደላይ አላወጣውም። የ2017ን ዓመት በሙሉ በኦክላሆማ ሲቲ በታችኛው ሊግ አቈየው። በሚያዝያ 2018 ከተጠራ በኋላ ግን በዚያው ዓመት 35 ሆም ራን መታ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮና በተባለው የመጨረሻ ግጥሚያ በሦስተኛው ጨዋታ በ18ኛው ዙር ላይ ጨዋታውን በአንድ ምት የጨረሰው እርሱ ነው። ከዚህም ሁለተኛውን ሁኔታ አወጣለሁ፤ ቡድኑ ላስፈረመው ሰው ጊዜ ይስጠው፤ የጊዜውንም ልክ ከመጀመሪያው ይወስን። በየሳምንቱ ቍጥሩን እያየ የሚሾምና የሚሽር ቡድን ያን ሰው ባያስፈርመው ይሻላል።

ሦስተኛው ሁኔታ የዋጋ ነው። ስለ ዋጋ ስንነጋገር ከጁሪክሰን ፕሮፋር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ፕሮፋር በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በኩራሳው ደሴት ተወለደ፤ በ2009 ገና በ16 ዓመቱ የቴክሳስ ሬንጀርስ ቡድን አስፈረመው። በመስከረም 2012 በ19 ዓመቱ ወደ ከፍተኛው ሊግ ወጥቶ፥ በመጀመሪያው ተራው ሆም ራን መታ። በ2013 መጀመሪያ ላይ ከላይ የጠቀስሁት መጽሔት ከተስፈኞች ሁሉ አንደኛ አደረገው። ይሁን እንጂ ትከሻው ተጐዳ፤ በ2014ና በ2015 በከፍተኛው ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም። የውስጥ ሜዳ ተጫዋች ትከሻው ከተነካ ግማሽ ሰውነቱ ሄደ ማለት ነው። በ2019 በኦክላንድ ሁለተኛውን ቤዝ ሲጠብቅ ውርወራው ተበላሸበት፤ ከዚያ ወዲህ ዋና ስፍራው የውጭው ሜዳ እየሆነ ሄደ። በ2023 የኮሎራዶ ቡድን ዓመቱ ሳያልቅ አሰናበተው።

በየካቲት 2024 የሳን ዲየጎ ፓድሬስ ቡድን በአንድ ሚሊዮን ዶላር መነሻ ለአንድ ዓመት አስፈረመው። በዚያ ዓመት በከፍተኛው ሊግ የማንኛውም ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ 740,000 ዶላር እንደነበረ ስናስብ፥ ይህ ገንዘብ ለጀማሪ ከሚከፈለው ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ነበር። ፕሮፋር በ31 ዓመቱ 280 መታ፤ 24 ሆም ራን ሆነለት፤ 85 ነጥብ አስገባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከሊጉ ምርጥ ተጫዋቾች ጋር ተመረጠ። ፓድሬስ የከፈለው ለ2013ቱ ተስፈኛ አይደለም፤ ለ2024ቱ ሰው ነው። ባይሳካለት ኖሮም ጉዳቱ የሚቻል ነበር።

በጥር 2025 ደግሞ የአትላንታ ብሬቭስ ቡድን ለሦስት ዓመት በ42 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ጨዋታው በተጀመረበት ሳምንት፥ መጋቢት 31 ቀን 2025፥ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት የ80 ጨዋታ ቅጣት ተፈረደበት። በቅጣቱ ጊዜ ደመወዝ የለም፤ ነገር ግን ቡድኑ ለዚያ ስፍራ አዘጋጅቶት የነበረው ሰው በዓመቱ እኩሌታ ሜዳ ላይ አልነበረም።

ይህን ስናገር ተቃራኒው ወገን «እነሆ የእኛ ማስረጃ!» ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን በጥንቃቄ እንድናየው እለምናለሁ። ቅጣቱ የ2025 ነው፤ ስላለፈው ዓመት ሥራው ከዚህ ተነሥቶ መፍረድ ፍትሕ አይሆንም። የሆነ ሆኖ ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። አንደኛው፥ «ምን ተለወጠ?» የሚለው ጥያቄ የአንድ ቀን ጥያቄ አለመሆኑ ነው፤ ዱላውን ብቻ ሳይሆን የሰውየውን መንገድ ጭምር ይጠይቃል፤ ከፍ ያለ ዋጋ በተከፈለ ቍጥርም ጥያቄው ይበልጥ እየጠነከረ መሄድ አለበት። ሁለተኛው፥ በአንድ ሚሊዮን የሚገባ ስሕተትና በ42 ሚሊዮን የሚገባ ስሕተት አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሦስተኛው ሁኔታዬ ይህ ነው፤ ቡድን የቀድሞውን ተስፈኛ ሲያስፈርም የሚከፍለው ለዛሬ ችሎታው ይሁን እንጂ፥ ተሰጥቶት ለነበረው ተስፋም ሆነ ለአንድ መልካም ዓመት ሙቀት አይሁን።

አሁን የሚቀረኝ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ነው። ይህም የወንበር ጥያቄ ነው። በከፍተኛው ሊግ በአንድ ቡድን ውስጥ ለጨዋታ የሚዘጋጁት 26 ሰዎች ናቸው። ለትናንቱ ተስፈኛ ወንበር የሰጠ ቡድን ከዛሬው ተስፈኛ ወንበር ወስዷል። ዕድሉን አግኝቶ ለጣለው ሁለተኛ ሲሰጥ፥ አንድም ያላገኘው ውጭ ይቀራል። ይህ የእውነት ጥያቄ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

መልሴ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ፥ ሁለተኛ ዕድል ማለት የግድ ወንበር መስጠት ማለት አይደለም። ተርነርም መንሲም የገቡት በታችኛው ሊግ ውል ነው፤ ወንበሩን ያገኙት ሠርተው ነው፤ ማንንም በውል ብቻ አላስነሡም። ሁለተኛ፥ ዛሬ ውጭ ቆሞ ወንበር የሚጠብቀው ወጣት ነገ ራሱ የቀድሞ ተስፈኛ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ዓመታት ያልቁበታል፤ ትከሻው ይታመማል፤ ወይም ከሌሎች ዘግይቶ ይበስላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉ እንደ ተሰበረ ገንቦ ከደጅ የሚጥል ቤት፥ ለዛሬው ወጣት የሚያስተምረው ፍርሃትን ነው። ፈርቶ የሚመታ ሰው ደግሞ፥ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፥ ምን ሊመታ ይችላል?

ክቡራን መምህራን፤ ይህን ለእናንተ መናገር ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ ቢሆንም አንድ ቃል ፍቀዱልኝ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ተማሪዎች ብዙዎቻችን በየመጣንበት ትምህርት ቤት አንደኛ ወይም ሁለተኛ እየወጣን፥ «ይህ ልጅ ትልቅ ሰው ይሆናል» የተባልን ነን። ያ ምስጋና ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን እዚህ ለሚሰጠን ፈተና መልስ አይሆንም። እንደዚሁም በአንድ ዓመት ውጤቱ የወደቀ ተማሪ «ያ ነገር ከንቱ ነበረ» ብሎ ቢደመድም፥ ወይም ሌላው ሰው ቢደመድምበት፥ ከ550 ምት ሃያውን አይቶ ፈረደ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ሁለተኛ በር ሲከፈትለት፥ በበሩ ላይ ቆሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ከአምናው ምን ለወጥህ?

ስለዚህ ጓደኞቼ፤ ድምፅ በምትሰጡበት ጊዜ ጥያቄውን ከሁለት ከፍላችሁ እንድታዩት እለምናለሁ። «የቀድሞ ተስፈኛ ስለሆነ ይፈረም» የሚል ካለ ከእርሱ ጋር አይደለሁም፤ የዉድ ታሪክ ይበቃኛል። «የቀድሞ ተስፈኛ ስለሆነ አይፈረም» ከሚለውም ጋር አይደለሁም፤ ተርነርንና መንሲን ያሰናበቱት ቡድኖች በዚያ ሐሳብ ምን እንዳጡ አይተናልና። ተለውጦ የመጣ፥ ዋጋው ለዛሬ ማንነቱ የተተመነ፥ በቂና የተወሰነ ጊዜ የሚሰጠው ሰው ሲገኝ ግን፥ ቡድኑ ብዕሩን ያውጣና ያስፈርመው እላለሁ።